ከሚኩሊች ገበሬ እስከ ፖዚትሮን ካሜራ፤ የአንድ የዕጢ በሽታ ታሪክ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ የበሽታ ነገር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናስተምረው ብዙ ሕዝብ ስለ ፈጀ ወረርሽኝ ነው። ስለ ፈንጣጣ፣ ስለ ኮሌራ፣ በ1918 ኢትዮጵያን ስለ መታው የኅዳር በሽታ እንናገራለን። ዛሬ የምናነሣው በሽታ ግን ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ሠራዊት ያልበተነ፣ መንግሥት ያላናጋ በሽታ ነው። ስሙን በወጉ ያገኘው በ2011 ሲሆን ሐኪሞች ዓይን ለዓይን የተያዩት ግን ከዚያ በፊት ከ120 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነበር። አንድ በሽታ ይህን ያህል ዘመን በሊቃውንት ፊት እየተመላለሰ ማንነቱ ሳይታወቅ መቆየቱ በራሱ የታሪክ ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል መነጋገር ይገባል። በአማርኛ «ዕጢ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ምራቅ፣ እንባ፣ ወይም ሌላ ለሰውነት የሚያስፈልግ ፈሳሽ የሚያመነጭ ጤነኛ የሰውነት ክፍል ነው። ሁለተኛው ያለ ቦታው የበቀለ፣ ሰው የሚፈራው እብጠት ነው። ተማሪዎች ሁለቱን ሲያምታቱ መምህራን እናርማቸዋለን። ነገር ግን የዚህ በሽታ ታሪክ በሙሉ የተሠራው በእነዚሁ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ነው፤ ጤነኛው ዕጢ ሲያብጥና ሲጠጥር ሐኪሙ ክፉው ዕጢ መስሎት ቢላዋ ያነሣበታል።

በ1850 የተወለደው ዮሃን ሚኩሊች በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት የቀዶ ጥገና ሐኪሞች አንዱ ነበረ። በቪዬና ከታላቁ መምህር ከቴዎዶር ቢልሮት ሥር ሠልጥኖ በክራኮቭ፣ በኬኒግስበርግ፣ በኋላም በብሬስላው ዩኒቨርሲቲዎች አስተምሯል። ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ሲያደርጉ አፋቸውን በጨርቅ እንዲሸፍኑ በ1897 ከመከሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። ይህ ሰው በ1888 በኬኒግስበርግ (የዛሬዋ ካሊኒንግራድ ናት) በሐኪሞች ማኅበር ፊት የአንድ የምሥራቅ ፕሩሲያ ገበሬ ታሪክ አቀረበ። ገበሬው 42 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያ የሁለቱም ዓይኖቹ ቆብ እያበጠ ሄዶ ዓይኑን እስከ መጋረድ ደረሰ፤ ያበጡት የእንባ ዕጢዎቹ ነበሩ። ቀጥሎም ከመንጋጋው ሥርና ከጆሮዎቹ በታች ያሉት የምራቅ ዕጢዎች በግራም በቀኝም ተነፉ። ሕመም የሚባል አልነበረውም፤ ግን ማየትና መብላት ተቸገረ። የእኛ አገር ሰው ቢያየው «ጆሮ ደግፍ ነው» ማለቱ አይቀርም ነበር። ዳሩ ግን ጆሮ ደግፍ በጥቂት ቀናት የሚጎድል ሲሆን የገበሬው እብጠት ለወራት አልበርድ ያለ ነበር።

ሚኩሊች የእንባ ዕጢዎቹን ከፊል ቆርጦ ቢያወጣ እብጠቱ ተመልሶ መጣ፤ ዳግመኛ ሰፋ አድርጎ ቆረጠ። ገበሬው ግን ብዙም ሳይቆይ የሆድ ዕቃው ሽፋን በመቆጣቱ ሞተ። ሚኩሊችም ያየውን ሁሉ በ1892 ለመምህሩ ለቢልሮት ክብር በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ጻፈው። ከዚያ በኋላ «የሚኩሊች በሽታ» የሚለው ስም በሕክምና መጻሕፍት ገባ።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1896፣ በዚያው በጀርመን አገር ሌሎች ሁለት ሐኪሞች እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ጻፉ። ኸርማን ኪውትነር ከመንጋጋ ሥር ያለው የምራቅ ዕጢ እንደ ነቀርሳ ጠጥሮ ሲገኝ በውስጡ ግን ነቀርሳ እንደሌለ ገለጸ። በርንሃርት ሪድል ደግሞ እንደ ብረት የጠነከረ የታይሮይድ ዕጢ አየ። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል በአዮዲን እጥረት የሚመጣውን እንቅርት የማያውቅ የለም፤ የሪድል ግን አንገት ውስጥ ካሉት ሥጋዎች ጋር ተጣብቆ የሚደድር ሌላ ዓይነት ነበር። ከዚያም በ1948 አሜሪካዊው ጆን ኦርመንድ ከሆድ ዕቃ በስተጀርባ የሚበቅል ጠባሳ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርዱትን ቧንቧዎች አንቆ ሲይዝ ጻፈ። በ1961 ፈረንሳዊው አንሪ ሳርል በማርሴይ የጠጠረ ቆሽትና በደም ውስጥ የበዛ የመከላከያ ፕሮቲን በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸውን ተናገረ። ዕጢው፣ ታይሮይዱ፣ የጀርባው ጠባሳ፣ ቆሽቱ፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ስም፣ የተለየ ሐኪም፣ የተለየ መጽሐፍ ተሰጠው። የዓይን ሐኪሙ ቆሽትን አይመረምርም፤ የሆድ ሐኪሙም የእንባ ዕጢ አይነካም። ዕውቀት በየክፍሉ ሲከፋፈል እንዲህ ያለ ጉዳት አለው።

የሚኩሊችም ስም ሰላም አላገኘም። ፊቱ በዕጢ ያበጠ በሽተኛ ሁሉ፣ የሳንባ ነቀርሳ ቢኖርበት፣ የደም ነቀርሳ ቢኖርበት፣ «ሚኩሊች» ይባል ጀመር። በ1927 ሻፈርና ጃኮብሰን የተባሉ ሐኪሞች ነገሩን ለማጥራት ሞክረው፣ መነሻው የታወቀውን አንድ ወገን፣ መነሻው ያልታወቀውን ሌላ ወገን አድርገው ከፈሉት። በ1933 ደግሞ ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን ዓይናቸው የደረቀባቸውን 19 ሴቶች መርምሮ የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ። የሾግረን በሽታም የምራቅና የእንባ ዕጢዎችን የሚያጠቃ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ ራሱ ላይ ሲነሣ የሚመጣ ነው። እንግዲህ በ1953 በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሚሠሩት ሞርጋንና ካስልማን የዕጢዎቹን ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይተው የሚኩሊችና የሾግረን በሽታ አንድ ነው ሲሉ ደመደሙ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኩሊች በሽታ እንደ ተዘጋ መዝገብ ተቆጠረ።

በእነዚህ ሰዎች መሣቅ አይገባም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሁለቱም ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ተከማችተው ይገኛሉ፤ ሕዋሳቱ የትኛውን አንቲቦዲ እንደሚሠሩ የሚለይ ዘዴ ግን በዚያን ጊዜ አልነበረም። አይጂጂ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን አራት ዓይነት መሆኑ እንኳ የታወቀው በ1960ዎቹ ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡ መዘጋቱ ዋጋ አስከፍሏል። በቆሽቱ ላይ እብጠት የታየበት፣ የሐሞት ቧንቧው ተዘግቶ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ወደ ሆስፒታል ሲመጣ የመጀመሪያው ሐሳብ የቆሽት ነቀርሳ ነው። ሐኪሙም የቆሽቱን ራስ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጋር ቆርጦ ያወጣል። ይህ ከከባዶቹ ቀዶ ጥገናዎች አንዱ ነው። ከዚህ በኋላ የወጣው ሥጋ ሲመረመር በጥቂቶቹ ላይ ነቀርሳ የሚባል ነገር አልተገኘም፤ የተገኘው በአፍ በሚዋጥ ኪኒን ሊሟሟ ይችል የነበረ እብጠት ነው።

አሁን ወደ ሌላው የታሪኩ ክር እንሻገር። በ1931 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ዲራክ በስሌት ብቻ ተነሥቶ የኤሌክትሮን መንታ የሆነ፣ ክሱ ግን አዎንታዊ የሆነ ቅንጣት መኖር አለበት አለ። በ1932 አሜሪካዊው ካርል አንደርሰን ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮችን ሲያጠና የቅንጣቱን ዱካ በፎቶግራፍ አገኘው፤ ፖዚትሮን ተባለ። ፖዚትሮን በሥጋ ውስጥ ብዙ አይኖርም። ሚሊ ሜትሮች እንኳ ሳይሄድ ከኤሌክትሮን ጋር ይጋጫል፤ ሁለቱም ይጠፉና በምትካቸው ሁለት ጋማ ጨረሮች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይተኮሳሉ። የእያንዳንዱ ኃይል 511 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሁለቱ ጨረሮች በአንድ ቅጽበት በግራና በቀኝ ከተያዙ፣ መነሻቸው ሁለቱን በሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ላይ መሆኑ ግልጽ ነው። ብዙ መስመሮች ሲጠላለፉ ሥዕል ይወጣል። ጂኦሜትሪ ምን ይጠቅመናል ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ይህንን መንገድ በመጠቀም የአንጎል ነቀርሳ ለመፈለግ ከተነሡት ቀደምት ሰዎች መካከል ዊልያም ስዊትና ጎርደን ብራውኔል ይገኛሉ፤ ሥራቸውም የተጻፈው ከ1951 እስከ 1953 ባለው ጊዜ ነው። የሠሩትስ የት ነበር? በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ነው። እንግዲህ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ ክፍል የሚኩሊችን መዝገብ ሲዘጋ ሌላው ክፍል መዝገቡን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሚያነበውን መሣሪያ ያበጅ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ወገኖች ሥራቸው ይገናኛል ብለው የሚያስቡበት ምክንያት አልነበራቸውም።

መሣሪያው ዛሬ ያለውን መልክ መያዝ የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ በሴይንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ በሚሸል ቴር-ፖጎሲያን፣ በማይክል ፌልፕስና በኤድዋርድ ሆፍማን እጅ ነው፤ በአጭሩ ፔት ተባለ። ግን ካሜራ ብቻውን ምን ያደርጋል? በሰውነት ውስጥ ፖዚትሮን የሚያወጣ ነገር መግባት አለበት። ለዚህ የተመረጠው ስኳር ነው። በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ታትሱዎ ኢዶና ባልደረቦቹ ግሉኮስ መሰል ስኳር ላይ ፍሎሪን-18 የተባለውን ጨረር አመንጪ አቶም አያያዙ። በነሐሴ 1976 አባስ አላቪ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ስኳር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት ፈቃደኛ ሰዎች ሰጠ። ስኳሩ ከብሩክሄቨን እስከ ፊላደልፊያ የመጣው በትንሽ አውሮፕላን ነበር፤ ምክንያቱም የፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜ 110 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

ሕዋስ ይህን ስኳር እንደ እውነተኛ ግሉኮስ ይቀበለዋል፤ የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ እርምጃም ያስኬደዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሊፈጨው አይችልም፤ ስለዚህ በሕዋሱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ብዙ ስኳር የሚበላ ሕዋስ በሥዕሉ ላይ ጎልቶ ይታያል። ነቀርሳ ስኳር በላተኛ መሆኑን ጀርመናዊው ኦቶ ዋርቡርግ በ1920ዎቹ አሳይቶ ነበር። ነገር ግን ስኳር የሚበላው ነቀርሳ ብቻ አይደለም፤ ለጦርነት የተነሣ የሰውነት መከላከያ ሕዋስም ይበላል። የፔት ጥቅሙም ጣጣውም ከዚህ ይመነጫል።

የሚኩሊች መዝገብ እንደገና የተከፈተው በጃፓን ነው። በ1995 ዮሺዳና ባልደረቦቹ «ራስን የሚያጠቃ የቆሽት መቆጣት» የሚል ስም አወጡ። በ2001 በማትሱሞቶ ከተማ የሚገኘው የሺንሹ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሂዴያኪ ሃማኖና ጓደኞቹ ቆሽታቸው የጠጠረባቸውን 20 በሽተኞች ደም መረመሩ። ከአራቱ የአይጂጂ ዓይነቶች በመጠኑ አነስተኛ የሆነው አራተኛው፣ አይጂጂ-4፣ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው በበሽተኞቹ 663 ሚሊ ግራም፣ በጤነኞቹ ግን 51 ሚሊ ግራም በአንድ መቶ ሚሊ ሊትር ነበር። በ2003 የቶኪዮው ቴሩሚ ካሚሳዋ አይጂጂ-4 የሚሠሩትን ሕዋሳት በቆሽት ብቻ ሳይሆን በሐሞት ቧንቧም፣ በምራቅ ዕጢም አገኛቸውና በሽታው የመላ ሰውነት ነው አለ። ወዲያው በሳፖሮ የሚሠሩት ያማሞቶና ጓደኞቹ የሚኩሊች በሽታ ያለባቸው ሰዎች ደም በዚሁ በአይጂጂ-4 የበለጸገ መሆኑን አሳዩ። የሾግረን በሽተኞች ደም ግን እንዲያ አልነበረም። ሚኩሊችና ሾግረን በሃምሳኛው ዓመት ግድም ተፋቱ ማለት ነው።

በ2011 ሊቃውንት ስሙንና በማይክሮስኮፕ የሚታይበትን ምልክት ለመወሰን የተሰበሰቡት በቦስተን ነው፤ ከአስተባባሪዎቹም አንዱ ጆን ስቶን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪም ነበር። በሽታው «ከአይጂጂ-4 ጋር የተያያዘ በሽታ» ተባለ። ስሙ ውበት የለውም፤ ሚኩሊችን የመሰለ ስም በቁጥር መተካቱ ለታሪክ ሰው ደስ አይልም። ሆኖም ኪውትነርን፣ ከሪድልና ከኦርመንድ አንዳንዱን፣ ሳርልንም በአንድ ጣሪያ ሥር አስገብቷል።

በሽታው በመላ ሰውነት የሚበተን ከሆነ መላ ሰውነትን በአንድ ጊዜ የሚያይ መሣሪያ ያስፈልጋል። ፔት እዚህ ላይ ይገባል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፔት ከሲቲ ስካን ጋር በአንድ ማሽን ተጣምሮ ስለነበር የሚበራው ቦታ የትኛው ዕጢ እንደሆነ በትክክል መለየት ይቻላል። በሽተኛው ለሰዓታት ምግብ ሳይበላ ይቆይና ስኳሩን በደም ሥሩ ይወጋል፤ አንድ ሰዓት ያህል ዐርፎ ይተኛና ይነሣል። በ2008 የሺንሹ ሐኪሞች እንዲህ ያለ የቆሽት መቆጣት የያዛቸውን 15 ሰዎችና የቆሽት ነቀርሳ ያለባቸውን 26 ሰዎች አነጻጸሩ። ቆሽቱ ራሱ በሁለቱም ወገን ይበራል፤ ስለዚህ ቆሽትን ብቻ ያየ ሐኪም ሊሳሳት ይችላል። ልዩነቱ የተገኘው ከቆሽት ርቆ ነው፤ የእንባና የምራቅ ዕጢዎች የበሩት በመጀመሪያዎቹ ላይ ብቻ ነበር። የሆድ ሐኪም የሆድ በሽታ ለመለየት ፊትን መመልከት አለበት ማለት ነው። የፕሩሲያው ገበሬ ዕጢዎች ምስክር ሆነው ቀረቡ።

በ2014 የታተመ የፔኪንግ ሐኪሞች ጥናት ደግሞ 35 በሽተኞችን ይዞ ነበር። ከአንዱ በቀር በሁሉም ላይ በሽታው ከአንድ በላይ የሰውነት ክፍል ይዟል። ከ35ቱ በ25ቱ ላይ ፔት በእጅ ምርመራ፣ በአልትራሳውንድና በሲቲ ካልታዩት የተጠቁ ክፍሎች ተጨማሪ አሳየ። ከዚህም የሚገኝ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። በሽታውን ለማረጋገጥ ብዙውን ጊዜ ናሙና ሥጋ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ከቆሽት ወይም ከሆድ ጀርባ መውሰድ አስቸጋሪና አደገኛ ሲሆን ከመንጋጋ ሥር ካለ ዕጢ መውሰድ ግን ቀላል ነው። ፔት መርፌው የት እንደሚገባ ያመለክታል።

ነገር ግን መሣሪያው ፈራጅ አይደለም። የምራቅ ዕጢዎች በጤነኛ ሰውም ጥቂት ይበራሉ፤ አንጎል ዘወትር ስኳር በላተኛ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ትንሽ ዕጢ ይሸፍናል፤ ኩላሊትና ፊኛም ስኳሩ የሚወጣባቸው ስለሆኑ ሁልጊዜ ያበራሉ። የሾግረን በሽታ፣ የሊምፍ ነቀርሳ፣ ቲቢም በሥዕሉ ላይ ይበራሉ። በተለይ እንደ እኛ ቲቢ በበዛበት አካባቢ፣ የአንገት ንፍፊት የቲቢ ሆኖ በሚገኝበት አገር፣ የበራ ሁሉ አይጂጂ-4 ነው ብሎ መድኃኒት መጀመር ትልቅ ጥፋት ነው። የበሽታው ዋና መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም በመሆኑ የተደበቀ ቲቢን ሊቀሰቅስ ይችላል። የደም ምርመራውም ብቻውን አይበቃም፤ በሽታው እያለባቸው አይጂጂ-4 ያልጨመረባቸው ብዙ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። በሽታው ሲጀምር በሕዋስ የተሞላ ነው፤ ሲቆይ ግን ሕዋሱ እየቀነሰ ጠባሳ ብቻ ይቀራል። ያረጀ ጠባሳ ስኳር አይበላም፤ ስለዚህም አይበራም። መድኃኒትም ብዙ አይሰማውም። ቶሎ የተገኘ ሰው ዕጢው በሳምንታት ውስጥ ሊጎድል ሲችል የዘገየው ሰው ቆሽቱ ወይም ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ በኋላ የሚመለስለት ነገር ትንሽ ነው። ጠባሳ የሚሠሩትን ሕዋሳት ራሳቸውን የሚያሳይ ሌላ የፔት መድኃኒት በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከ2018 ወዲህ ተሠርቷል። ሁለቱን ሥዕሎች አቀራርቦ በማየት የቱ ገና የሚነድ፣ የቱ አመድ እንደሆነ ለመለየት እየተሞከረ ነው። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ኢነቢሊዙማብ የተባለው፣ አንቲቦዲ ወደሚያመነጩት ሕዋሳት የሚያመሩትን የሚያጠፋ መድኃኒት፣ ለዚህ በሽታ በአሜሪካ ተፈቅዷል።

በምሥራቅ አፍሪካ ይህ መሣሪያ ካለባቸው ከተሞች አንዷ ናይሮቢ ናት፤ የአጋ ኻን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ2018 ፔት ካሜራውን ፍሎሪን-18 ከሚያመነጨው ማሽን ጋር ሥራ አስጀምሯል። ማሽኑ ከካሜራው አጠገብ መሆኑ ቅንጦት አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ሊያሰሉት ይችላሉ። ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ከሆነ፣ ጠዋት በ1 ሰዓት የተሠራ ስኳር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ30 ላይ ስንት እጁ ይቀራል? አምስት ሰዓት ተኩል 330 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ግማሽ ዕድሜ። የቀረው ከስምንት አንድ እጅ ነው። ምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከ660 ደቂቃ በኋላ፣ ከ64 አንድ እጅ ብቻ ይቀራል።